ከበሩ ያላለፈው ጉቢንጅ

ለሰሜን ጠረፍ ወረዳ የአረጋውያን ደኅንነት ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ብሩም

ቀን፦ ነሐሴ 14 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.

አመልካች፦ ወ/ሮ ፊሎሜና ባልቶ፣ ዊራጊን መንደር

ጉዳዩ፦ እናቴን በድያለሁ ተብሎ በስሜ የተያዘው መዝገብ እንዲሰረዝልኝ፣ እናቴ በምግብ ጉድለት የታመሙበት ሁኔታ እንዲጣራልኝ እና እውነቱ ለራሳቸው ለእናቴ እንዲነገርልኝ ስለ መጠየቅ

ክብርት ኃላፊ፣

ጊዜዎን የሚሻሙ ብዙ ጉዳዮች እንዳሉብዎት አውቃለሁ። የእኔን ግን እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ አስቀድሜ እለምናለሁ። ግማሹን ሰምተው ግማሹን የተዉ ሰዎች ምን እንደፈረዱብኝ ከዚህ በታች ያዩታልና።

1. እናቴ ወ/ሮ ሴሲሊያ ባልቶ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ዊራጊን ተወልደው፣ ዊራጊን ወልደው፣ ዳሌያቸው እስከ ተሰበረበት ቀን ድረስ ከባሕሩ ዳር ርቀው አድረው አያውቁም። እኔ አመልካቿ የመንደራችንን ተማሪዎች በአውቶቡስ የማመላልስ ሾፌር ነኝ፤ ነበርኩ ማለት ይሻላል።

በዚህ ጉዳይ ስሟ የሚነሳው ወ/ሮ ዶሎሪስ፣ ሁመር ጥላ የተባለው የአረጋውያን መኖሪያ ኃላፊ ናት። ጽሕፈት ቤትዎ የሚያውቃት በዚህ ማዕረጓ ብቻ ነው። እኔ የማውቃት በሌላ ነው። የእናቴ ታናሽ እህት ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት እሷም እኔም ገና ጡት አልጣልንም ነበር፤ እናቴ አንዱን ጡት ለእኔ፣ አንዱን ለእሷ ሰጥተው አሳደጉን። በእኛ ዘንድ የእናት እህት ልጅ ድሮም እህት ናት። ዶሎሪስ ግን ከዚያም ትበልጥብኝ ነበር።

2. ባለፈው ዓመት እናቴ ከፒክአፕ መኪና ኋላ ሲወርዱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆስፒታሉ ወደ መንደር መመለስ እንደማይችሉ፣ አንሥቶ የሚያስቀምጣቸው የሠለጠነ ሰው እንደሚያስፈልጋቸው ነገረን። እኔ እምቢ አልኩ። ያን ጊዜ ዶሎሪስ ራሷ ዊራጊን ድረስ መጣች። እንደ ልጅነታችን አሸዋው ላይ ተቀምጣ፣ የጠበስኩትን ዓሣ እየበላች፣ “ፊሎ፣ እኔ እዚያ እያለሁ ምን ያስፈራሻል? ያሳደገችኝን እናቴን ለባዕድ እሰጣለሁ እንዴ?” አለችኝ።

እናቴ በተቀመጡበት ሆነው ሳቁ። “ይቺ ልጅ አፏ ከእኔ ጋር ነው፣ እጇ ግን ዓሣው ጋ ነው። ኧረ ለፊሎም አስተርፊላት!” አሏት። ሁላችንም ሳቅን። በማግስቱ ዕቃቸውን ጭኜ ወደ ከተማ የወሰድኳቸው እኔው ነኝ።

3. ስለ ጉቢንጅ ትንሽ እንድል ይፈቀድልኝ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነውና። ጽሕፈት ቤትዎ እዚሁ ከተማ ስለሆነ ዛፉን አያውቁትም አልልም። በዝናቡ ወራት የሚደርስ፣ ከወይራ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ አረንጓዴ፣ አፍ የሚያኮማትር ኮምጣጣ ፍሬ ነው። ዛሬ ሐኪሞች ከብርቱካን ብዙ እጥፍ ቫይታሚን ሲ አለው ይላሉ፤ ነጋዴዎችም ደቁሰውና አድርቀው በጠርሙስ ወደ ሩቅ አገር ይልኩታል። እኛ ግን ቫይታሚን የሚባለውን ቃል ሳንሰማ በፊት እንበላው ነበር። እናቴ እንደ ሌላው ሰው ከነቆዳው እየገመጡ፣ ፊታቸውን እያጨማደዱ፣ ዘሩን እየተፉ ነው የሚበሉት። ወራቱ ሲያልፍ የሚበሉትን በማቀዝቀዣ አስቀምጥላቸው ነበር። መኖሪያው ከገቡ በኋላም በየሳምንቱ ስጠይቃቸው ይዤ እሄድና አጠገባቸው ተቀምጬ በእጄ አጎርሳቸው ነበር። በዚያን ጊዜ እናቴ ደኅና ነበሩ።

4. በዚህ ዓመት መጀመሪያ የመኖሪያው ማዕድ ቤት ተዘጋ። ምግቡ ከደቡብ በማቀዝቀዣ መኪና በስሎ እየመጣ፣ እዚህ እንደገና እየሞቀ፣ ለረጅም ሰዓት በሙቀት ላይ ቆይቶ መቅረብ ጀመረ። እናቴ አንድ ቀን ሲበሉ ትን ስላላቸው የተፈጨ ምግብ ብቻ ይብሉ ተባለ። ከዚያ በኋላ ሳሕናቸው ላይ ያየሁት ነጭ ድንች፣ ቡናማ መረቅ፣ በሻይ የራሰ ነጭ ዳቦ ነው። ብርቱካን የሚመስል፣ ብርቱካን ግን ያልነካው መጠጥም ነበረ። እናቴ ማንኪያውን አንሥተው ወደ እኔ ዞረው፣ “ይህን ማን ቀድሞ አኝኮት ነው?” አሉኝ።

5. ብዙም ሳይቆይ ከውጭ ምግብ ማስገባት ተከለከለ። አንድ አረጋዊ ከቤት በመጣ ምግብ ሆዳቸውን ታመው ስለነበር ነው ተባለ። ቦርሳችን በር ላይ ይፈተሽ ጀመር። ደንቡን አልቃወምም፤ ለሰው ደኅንነት የወጣ ደንብ ነው። ዶሎሪስን ለብቻዋ አግኝቼ፣ “እማ ያለ ጉቢንጅ አትሆንም፤ ሌላ የሚረባ ነገር እየበላች አይደለም” አልኳት።

ዶሎሪስ ግራና ቀኝ አየችና እጇን ዘረጋች። “አምጪው። እኔ ራሴ ከእራቷ በኋላ በማንኪያ እሰጣታለሁ። አንቺ ብቻ ፈጭተሽ አምጪልኝ፣ ትን እንዳይላት። እሷ ዘንድ ስትገቢ ግን አታንሺው፤ ሠራተኛ ይሰማብኛል።”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘሩን አውጥቼ፣ ፈጭቼ፣ በትንንሽ ዕቃ አቀዝቅዤ በየሳምንቱ አመጣሁላት። በየሳምንቱም በር ላይ ተቀበለችኝ። ስጠይቃት ዝም ብላ “ሰጥቻታለሁ” ብቻ ብትለኝ ኖሮ ምናልባት እጠረጥር ነበር። እሷ ግን፣ “ትናንት ፊቷን አኮማትራ ‘ጨምሪልኝ’ አለችኝ እኮ! እንደ ሕፃን ማንኪያውን ላሰችው” ትለኝ ነበር። እኔም እየሳቅኩ የቀዩን አቧራ መንገድ ይዤ ወደ መንደሬ እመለስ ነበር። ክብርት ኃላፊ፣ ከሁሉም ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ሳቄ ነው።

6. ከጥቂት ወራት በኋላ እናቴ ይደክማቸው ጀመር። ጉልበቴን አሉ፤ ከወንበር መነሣት ጠሉ። ጥርሳቸውን ሲፋቁ ድዳቸው ይደማል። ክንዳቸውና ጭናቸው ላይ ሰማያዊ ጥላ የመሰለ ምልክት ወጣ። ይህን አስቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ለዶሎሪስ የነገርኳትም እኔ ነኝ። “እማን ሐኪም ይያት፤ ደሟ ያለ ምክንያት እየፈሰሰ ነው” አልኳት። “እርጅና ነው ፊሎ፤ ቆዳዋ ሳስቷል። ሰማንያ ያለፈ ሰው እንዲህ ነው” አለችኝ። አመንኳት፤ እሷ በየቀኑ የምታየው ነው ብዬ።

በሚቀጥለው ጉብኝቴ በሩ አልተከፈተልኝም። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ዓይኔን ሳታይ፣ “አክስቴ፣ ስምሽ ታግዷል፤ እኔ ምንም አላውቅም” አለችኝ። ጉቢንጁ እጄ ላይ ቀልጦ እጅጌዬን አረጠበው።

በእናቴ ክንድ ላይ ስለታየው ምልክት ከጽሕፈት ቤትዎ ስልክ ተደወለልኝ። ሠራተኛዎ በትሕትና ነበር የጠየቀችኝ፤ አላማርርም። “እናትዎን ክንዳቸውን ይዘው ጎትተው ያውቃሉ?” አለችኝ። “አዎ፤ ካልያዝኳቸው እንዴት ይነሣሉ?” አልኳት። በኋላ እንደተነገረኝ ይህ ቃሌ “ጎትቼያለሁ ስትል አምናለች” ተብሎ ተጻፈ። የዶሎሪስም ቃል ከጎኑ ተቀመጠ፦ ስጎትታቸው አይታኛለች፤ በተፈጥሮዬም ቁጡ ነኝ። እውነት ነው፣ ቁጡ ነኝ። አብራኝ ጡት የጠባች እህቴ ይህን ታውቃለች። እናቴ ላይ እጄን አንሥቼ እንደማላውቅ ግን ከእኔ ይልቅ የምታውቀው እሷው ናት።

7. ወሬው ከእኔ ቀድሞ መንደር ደረሰ። ማንም ፊት ለፊት አልሰደበኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ትምህርት ቤቱ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ከመንዳት ታግዶ መቆየት ግዴታ ነው አለኝ። ዳይሬክተሩ ቁልፉን ሲቀበለኝ፣ “ፊሎሜና፣ እኔ አላመንኩም። ግን ወላጆቹን ምን ልበላቸው?” አለኝ። ምን እንዲላቸው እነግረዋለሁ? እናቷን ትመታለች የተባለች ሴት መኪና ላይ ልጁን የሚያሳፍር ማን አለ? እኔም ብሆን አላሳፍርም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ በየሳምንቱ በሩ ድረስ ብሄድም እናቴን ማየት አልተፈቀደልኝም። ጉቢንጅ የሚያስገባላቸውም ሌላ ሰው አልነበረም።

8. በሐምሌ ወር እናቴ ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። በወጣትነታቸው ድንጋይ ላይ የተጣበቀውን ኦይስተር የሚባል ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ሲፈነቅሉ ቅልጥማቸው ላይ ቆስለው የቀረ አሮጌ ጠባሳ ነበራቸው፤ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያ ጠባሳ እንደ አዲስ ተከፍቶ ደማ። በሆስፒታሉ በቅርብ ዘመድነት የተመዘገብኩት እኔ ስለነበርኩ ዶክተር ማሊኒ ፐሬራ የተባሉ ሐኪም ደወሉልኝ። ታግጃለሁ አልኳቸው። “እዚህ ሆስፒታል ነው፤ የሚያግድዎት የለም። አሁኑኑ ይምጡ” አሉኝ።

ዶክተሯ ስለ ክሱ አንድም ቃል አልጠየቁኝም። በማጉያ መስታወት የእናቴን ቅልጥም ጠጉር አዩ፤ ጠጉሩ እንደ ተጠማዘዘ ሽቦ ሆኗል። ድዳቸውን አዩ፤ አብጦ ጥርሱን ሸፍኖታል። ከዚያ፣ “ምን ይበላሉ?” አሉኝ። ከሁሉ በፊት ይህን የጠየቀ ሰው እሳቸው ናቸው። ድንቹን፣ መረቁን ነገርኳቸው። “ፍራፍሬስ?” ሲሉኝ ኮራ ብዬ፣ “በየሳምንቱ ጉቢንጅ ይበላሉ” አልኩ።

ዶክተሯ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። “ወ/ሮ ፊሎሜና፣ ጉቢንጅ የሚበላ ሰው ይህ በሽታ አይዘውም። ሲበሉ በዓይንዎ አይተዋል?”

አልጋው ላይ ወደ ተኙት እናቴ ዞር ብዬ፣ “እማ፣ ዶሎሪስ ጉቢንጅ ትሰጥሽ ነበር?” አልኳቸው። እናቴ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ “ጉቢንጅ? በዚህ ዓመት መች ደረሰና?” አሉኝ።

የደም ምርመራው ሲመጣ ቫይታሚን ሲ የለም ማለት ይቻል ነበር። በሽታው ስከርቪ ይባላል፤ ጥንት ወራት ሙሉ በደረቅ ስንቅ ባሕር የሚያቋርጡ መርከበኞችን ይፈጅ የነበረው ነው። ዶክተሯ ሲያስረዱኝ፣ የሰው አካል ይህን ቫይታሚን ራሱ አይሠራም፤ ለረጅም ጊዜም አያስቀምጥም፤ ከምግብ ካላገኘው ቆዳን፣ ድድንና የደም ሥርን አጋጥሞ የያዘው ነገር ይላላል፤ አሮጌ ቁስል እንኳ የተጋጠመበት ይፈታል አሉ። ምግብ ደጋግሞ ሲሞቅና ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ደግሞ ያለውም ትንሽ ይጠፋል። “እናትዎን የመታቸው ሰው የለም። ደማቸው ነው ከመንገዱ የወጣው” አሉኝ። ይህንኑ ጽፈው ለጽሕፈት ቤትዎ ልከዋል።

ሕክምናው ቀላል ነበር። ቫይታሚኑ በእንክብል፣ ብርቱካኑ በጭማቂ ተሰጣቸው። በቀናት ውስጥ ድዳቸው መድማቱን አቆመ። ሰማያዊው ምልክት ወደ ቢጫ ተለወጠ፤ ከዚያ ጠፋ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር ያጡት።

9. ዶሎሪስን ያገኘኋት ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነው፤ አበባ ይዛ መጥታ ነበር። የተባባልነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አቀርባለሁ።

“ጉቢንጁን የት ነው ያደረስሽው?” አልኳት።

“ፊሎ፣ መጀመሪያ ሁለቴ ሰጥቻታለሁ፤ በእናቴ አጥንት። ከዚያ ኢንስፔክተር መጣ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ቢያገኝብኝ ሥራዬን ነበር የማጣው። ጣልኩት።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ሌላ መንገድ እፈልግ ነበር እኮ!”

“እንዳታዝኚብኝ ብዬ ነው።”

“እናቴን መታች ስትዪስ እንዳላዝን ነው?”

“መታች አላልኩም። ጎተተች ነው ያልኩት።” ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ክንዷን ያየ ሰው አንድ ተጠያቂ ይፈልጋል፤ ወይ አንቺ ነሽ፣ ወይ እኔ ነኝ። አንቺ መንደር አለሽ፤ እኔ ከዚህ ሥራ ሌላ ምን አለኝ?” አለችኝ።

አበባውን ተቀብያት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ አልተነጋገርንም። ትታሰር፣ ትባረር ብዬ አላመለክትም። እሷን ይቅር ማለት ወይም አለማለት የእኔ ዕዳ ነው። መዝገቡ ግን የጽሕፈት ቤትዎ ነው።

10. ጽሕፈት ቤትዎ የሐኪሟን ማስረጃ ከተቀበለ በኋላ የጻፈልኝ መልስ “በደሉ ስላልተረጋገጠ ጉዳዩ ተዘግቷል፤ መረጃው በመዝገብ ይቆያል” የሚል ነው። ክብርት ኃላፊ፣ “አልተረጋገጠም” እና “አልተፈጸመም” አንድ አይደሉም። በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት ትምህርት ቤቱ ቁልፌን ሊመልስልኝ አልቻለም። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ እናቴ ከሆስፒታል ሲወጡ ስሙ በመዝገብ ላለ ሰው አይሰጡም ተብሎ፣ ተመልሰው ወደዚያው ወደ ሁመር ጥላ እንዲሄዱ እየተዘጋጀ ነው። መንደራችን አሁን በየሳምንቱ የምትመላለስ ነርስ አላት፤ የአጎቴ ልጅ ኮንራድ ለተሽከርካሪ ወንበራቸው የሚሆን ተዳፋት መውጫ በቤቴ ደጃፍ ሠርቷል። የጎደለው የእርስዎ ፊርማ ነው።

11. የመጨረሻው ነገር በሕግ ቋንቋ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም፤ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

እናቴ ነፍስ ከዘሩ በኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አላናግር አሉኝ። ስለምናቸው ቆይቼ በመጨረሻ፣ “የት ነበርሽ?” አሉኝ። ለካ በታገድኩባቸው ወራት በየጊዜው ሲጠይቁ፣ “ፊሎ ሥራ በዝቶባታል፤ ስልክ ደውላ ሰላም ብላሻለች” ይባሉ ነበር። በር ላይ መመለሴን የነገራቸው የለም። ሰው በወለደው ሲረሳ ምን እንደሚሰማው እናቴ እዚያ አልጋ ላይ ብቻቸውን ሲቀምሱ ከረሙ።

“እማ፣ መጥቼ ነበር። አላስገባ አሉኝ” አልኳቸው።

“ማን ነው የከለከለሽ?”

“ዶሎሪስ።”

እናቴ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው ገና ቀዝቃዛ ነበር። “በእህትሽ ላይ አታላክኪ፤ እናት የላትም እኮ። ‘ሰለቸኝ፣ አልመጣሁም’ ማለት ነውር አይደለም። እኔ እናትሽ ነኝ፤ ይቅር ብዬሻለሁ” አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ነገርኳቸው፤ ዶክተሯም ነገሩልኝ። እናቴ፣ “እሺ ልጄ፣ እሺ” ይላሉ፤ ራሴን ይደባብሱኛል። አላመኑኝም። ከእኔ አፍ እንደማያምኑት ገብቶኛል፤ ሁለቱንም ልጆቻቸውን በአንድ ጊዜ ማጣት አይፈልጉም።

ስለዚህ፣ ከላይ የዘረዘርኩት ታይቶልኝ፦

ሀ) በስሜ የተያዘው መዝገብ “አልተረጋገጠም” ተብሎ እንዲቆይ ሳይሆን በደል እንዳልፈጸምኩ ተገልጾ እንዲሰረዝልኝ፤ ለትምህርት ቤቱም በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፤

ለ) እናቴ ወደ ሁመር ጥላ ሳይመለሱ ወደ ቤታቸው ወደ ዊራጊን እንዲሰጡኝ፤

ሐ) በዚያ መኖሪያ የሚቀርበው ምግብ በሐኪም እንዲመረመር። እናቴ ወጡ እንጂ ሌሎች አረጋውያን ያንኑ ድንች እየበሉ ነው፤ ጠያቂ ልጅ የሌላቸውም አሉ። ጉቢንጅ ባይፈቀድ እንኳ የተፈጨ ትኩስ ፍሬ ማዕዳቸው ላይ እንዲገኝ፤

መ) ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ሰው፣ ቢቻል ክብርነትዎ ራስዎ፣ እናቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው፣ ልጃቸው በየሳምንቱ እንደመጣች፣ የከለከላትም ደንብና ፊርማ እንደሆነ በአንደበትዎ እንዲነግሩልኝ በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ።

ከሀ እስከ ሐ ያሉት ቢዘገዩ እታገሣለሁ። የመጨረሻው ግን ሰማንያ ሦስት ዓመት ለሞላቸው ሴት ነውና ቀን አይሰጥም። እናቴ ያልበደልኳቸውን ይቅር ብለውኛል። ያንን ይቅርታ መልሰው እንዲወስዱልኝ እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ፊሎሜና ባልቶ
(ፊርማ)